የተሰጣ ልብስ

ኔፕልስ፣ ጠባብ መንገድ፣ ፎቅ ከፎቅ ሲተያይ፣
ገመዱ እንደ ድር ነው፤ ልብስ የዋጠው ሰማይ።

አሱንታ አሥራ አራት ዓመቷ፣ ፓስካሊኖ አራት፤
«ዐይንሽን ከሱ አትንቀዪ» ብላት ነበር እናት።
ነቀለች። ለአንድ የስልክ መልእክት።

ልጁ ለካ ድመቷን ተከትሎ፣
ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ፣ ብረቱ ላይ ተንጠላጥሎ፤
ዞር ስትል ያገኘችው አንድ ጫማ።
የጮኸች መሰላት፤ ማንም አልሰማ።

ልብሱ ግን ሰማ። ነፋስ በሌለበት ቀን፣
የመበለቷ ጥቁር ቀሚስ ዘረጋ እጁን፤
የዳቦ ጋጋሪው ሱሪ ወገቡን አሰረ፣
አንሶላ አንሶላን ጠራ፣ ገመድ ከገመድ ተማከረ፤
ልጁ ከነጭ ወደ ነጭ ሲንከባለል፣ ሲወርድ፣
መሬት ቆሞ ተገኘ፣ አፍንጫውን ሲጠርግ
በሰው ካልሲ፣ በሰው ጉርድ።

«ማን ሊያጥበው ነው» አለች እናት፣ «ይህን ሁሉ የሰው ልብስ!»
ጥፊ አቀመሰቻት፤ ቻለችው ሳትመልስ።
መዳፏን ስትገልጠው የገመድ ሰንበር፤
አንድም ገመድ ግን አልነካችም ነበር።

ሌሊት ልጁ ብርድ ልብሱን ረግጦ ጣለው።
ከአልጋዋ ሳትነሣ «ተመለስ» አለችው፣ በልቧ፣
ጨርቁም ተመልሶ አለበሰው።

ያኔ ነው የፈራችው።