የሌለ ደረጃ

ጦሳ ጉሙን ዛሬም አልገፈፈም ገና፤
መብራት ሄዶ ነበር፣ አሁን መጣ ደህና።
ከዳኞቹ በታች፣ ከጠባቧ ወንበር፣
ሰው ሲናገር ልጽፍ፣ ራሴ ላልናገር፣
ተቀምጫለሁ። አስራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ፣
ፊደል ሳልመለከት ጣቴ ያውቃል ቀኝና ግራ።

መዝገቡ ተጠራ።
«እነ ሙሄ አራጋው፣ ዘጠኝ አመልካቾች፤
ተጠሪው ፖሊስ ነው።» ገቡ ልጆቹ፣ የክር ሠራተኞች፣
ከኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ «ደሞዛችን የታል?» ብለው
አስፋልት ላይ በቆሙ ዕለት በጭነት መኪና ተለቅመው
የደሴን ዳገት የወጡ።
ጥንድ ጥንድ ታስረዋል። ዘጠኝ ግን ጎዶሎ፣
ሙሄ ከአንድ ፖሊስ እጅ ገባ ተቀጥሎ።

ጠበቃቸው ቶይባ ከፌስታል አወጣች፣
የደረቀ ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።
«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ በውሃ ርሶ ነው ከጀርባው የተላቀቀው።»
የተጠሪው ነገረ ፈጅ መነጽሩን ጠራረገው፦
«ማንም አልነካውም። ወድቆ ነው፣ ከጣቢያው ደረጃ፤
ሸሚዝ ይናገራል እንዴ? የሐኪም ወረቀት ነው ማስረጃ።»
«ታዲያ ሐኪም አየው?» አሉ ዳኛዋ።
«መኪና አልነበረም።»
ጻፍኩ፦ መኪና አልነበረም።
ጻፍኩ፦ ወድቆ ነው፣ ከ—

እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ።
ያን ጣቢያ አውቀዋለሁ፤ ወንድሜ እዚያ የከረመ
ጊዜ፣ ሠላሳ ሦስት ጠዋት ሳህን ይዤ ሄጃለሁ።
የድሮ እህል መጋዘን ነው፤ ወለሉን በእግሬ ለክቻለሁ፦
ከበሩ እስከ ጓዳው ሜዳ፣ ዝርግ ያለ ሲሚንቶ።
ደሴ ዳገት ናት እንጂ፣ ቤቱ ሁሉ ደረጃ ሠርቶ
ጎኗ ላይ ቢንጠለጠልም፣
እዚያ ግን አንዲት እርከን የለችም።

ጸሐፊ አትመሰክርም፤ ቃለ መሐላም የላት፤
አንዲት መብት ብቻ አላት።
እጄን አነሳሁ፦ «አልሰማሁም፣ ይደገምልኝ።»
«ከደረጃ።»
«ይቅርታ፣ አሁንም አመለጠኝ።»
«ከደረጃ!»
«አንዴ ብቻ፣ ፊደሉ እንዳይዛነፍብኝ።»
በመጨረሻው ላይ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ፣
ክር ሊበጠስ ሲል እንደሚያደርገው።
ዳኛዋ ብዕራቸውን አጋደሙ፦
«ስንት ነው ደረጃው?»

ነገረ ፈጁ ወረቀት አገላበጠ።
ከሙሄ ጋር የታሰረው ፖሊስ የራሱን ጫማ አየ፤
ካቴናው ትንሽ ተንቀጫቀጨ፣ ከማን እጅ እንደሆነ ሳይለይ።
ለዝምታ ቁልፍ የለኝም። ባዶ መስመር ዘለልኩ።

«ሬጅስትራር ሄዶ ይይ፤ ቆጥሮ ለማክሰኞ ያምጣ።»

ማታ ወደ ቤቴ ስወጣ
አርባ ሁለት ድንጋይ ነው፤ አንድ ባንድ ቆጠርኩት፣
ሳይታወቀኝ ጀርባዬን በመዳፌ ደባበስኩት።
ስንቱ ላይ ብወድቅ ነው፣ እንዲያ ጎን ለጎን፣ እኩል በእኩል፣
እንደ መዝገብ የምሰመረው?

ማክሰኞ ገና አራት ቀን ነው።
በአራት ቀን ሲሚንቶ ይደርቃል።