አንሺዋ

ትብሊሲ፣ ግልዳኒ ሰፈር፣ የኛ ሕንፃ አሳንሰር
አስር ቴትሪ ካልጎረሰ በቀር
ንጉሥ ቢሳፈርም አያነሳ፤
(የኖረበት ያውቃል፤ ዝርዝር ሳንቲም አይረሳ።)

እዚያ ውስጥ ነው የቆመችው፣ ዳሬጃን፣ ጥግ ተጣብቃ፣
ቅዳሜ ሠርግ እየቀረጸች በተከራየችው ዕቃ፣
ዓመት ሙሉ፣ ካሜራዋን እንደ ጡት ልጅ አቅፋ፤
በር ሲከፈት፣ በር ሲዘጋ፣ ሰው ሲገባ፣ ሰው ሲጠፋ።
ዳቦ የያዘ፣ ቁልፍ የጠፋው፣ ከሚስቱ የተኳረፈ፣
ብቻውን የሚሳፈር ውሻ፣ ጌታው ሞቶ የተረፈ።
የሬሳ ሣጥን ግን አልገባም። ቫርላምን በደረጃ አወረድነው፤
እሷ ሣጥኑን ተወችው፤ የኛን ትንፋሽ ነው የቀረጸችው።

ይኸ ነው የፊተኛው ፊልሟ። ባዕድ አገር ወስዳ አሳየችው፤
ዘጠኝ ሰው መጣ፣ ሦስቱ ብርድ ሸሽተው።
ገንዘብ ያለው አንድ ሰውዬ፣ «ታሪኩስ የታለ?» አላት፣
«ቢያንስ አንድ ሰው ግደይበት።»
«የኛ ሕንፃ ሰው ራሱ ይሞታል፤ አልቸኩልም» አለች፣
በሌሊት አውቶቡስ ተመለሰች።

ለሦስተኛው ፊልም የአባቷ ፒያኖ፣ እሱም በደረጃ ወረደ፤
ለአራተኛው ካፖርቷ ሄደ።
ሠላሳ ዓመት፣ አራት ፊልም፣ ሒሳቡን እኔው ሠራሁት፤
ለአንዱ ፊልም አንድ ጥርስ ይደርሳል፣ ያላስተከለችው።

ባለፈው ነሐሴ፣ ግቢያችን፣ በልብስ ማስጫው ገመድ መሐል
አንሶላ ወጥራ፣ «ኑ እዩት» አለች፤ «ወንበር ያላመጣ ይቆማል።»
«ያ ኮፍያ የኔ ነው፣ መልሱልኝ!» አለ አንዱ። ሳቅን።

ከዚያ እናቴ ገባች።
ትልቅ ሐብሐብ ታቅፋ፣
ሳንቲሙን ማን ያግባልኝ ብላ ዞራ ስትስቅ፣
አራት ሰከንድ።
እናቴ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር፤
እስክትሞት ጥርሷን አላየሁም።
ያን ቀን እጇ ሐብሐብ ይዟል።

«ድገሚው» አልኳት። ደገመችው።
ሦስተኛውን ሳልጠይቅ።

ሲያልቅ ፕሮጀክተሩን ተሸክመን አሳንሰሩ ውስጥ ገባን፤
ኪሴን ዳበስኩ፣ ኪሷን ዳበሰች፤ አንድም ሳንቲም የለን።
«ስንቱን አነሳሽ» አልኳት፣ «ያውም በነፃ።»
«እኔንስ» አለች፣ «ማን ያነሳኛል?»

በእግር ወጣን።
ሰባተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ስታርፍ
በስልኬ አነሳኋት።
ደብዛዛ ነው፣ መብራቱም አልነበረ።
ትንፋሿ ግን ይሰማል።