አረንጓዴ መረብ

ከኡም አል ቁዌይን ዳር፣ ከካምፓችን ማዶ፣
ጨው ጠጪ ደን አለ፣ ሥሩን ባሕር ሰዶ።
ሙሳፊሪ ሲያየው ጫማውን አወለቀ፣
ቅጠሉን ቀመሰ፣ እንደ ሕፃን ሳቀ።
«ዘመድ ነው» አለን፣ «ስደት ያጠመቀው፣
ከባሕር ውሃ በቀር ዝናብ የማያውቀው።»

ፎርማኑ በስሙ ይቀልዳል ዘወትር፣
በዐረብኛ መንገደኛ ነውና ሙሳፊር።
እናቱ ግን ያወጣችው፣ በማር ወራት ሲዞሩ፣
ኢቱሪ ደን መሃል፣ ጎጆ ሲቀይሩ።

ማታ፣ ዐሥራ ሁለት ሆነን በታጨቅንበት ክፍል፣
ከላይኛው አልጋ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ወጉን ሲያካፍል፦
«እኛ ጋ» ይላል፣ «መረብ የሌለው ቤት የለም፤
ብቻውን የተዘረጋ ግን ከዓይጥ በላይ አይዝም።
ጫፉን ከጎረቤት ጫፍ ቋጥረን ስናያይዘው፣
ግማሽ ጨረቃ ይሆናል፣ ደኑን አቅፎ የሚይዘው።
ሴቶቹ ከወዲያ ማዶ ቅጠል እየመቱ፣
ልጅ አዝለው፣ እየጮኹ፣ ወደኛ ሲመጡ፣
ሚዳቋዋ ትበራለች፤
በማን መረብ እንደምትገባ እሷም አታውቅ።
ባለመረቡ ‹የኔ!› ይላል፣ አንዴ፣ በትልቅ ሳቅ።
ከዚያ ቢላዋ ይወጣል፣ እጅ ይበዛል፣
‹የኔ› የምትለዋ ቃል ሰፈር ሳትደርስ መንገድ ላይ ታልቃለች፤
ለባለመረቡም፣ እንደ ሰዉ፣ ድርሻው ትደርሰዋለች።»

እኔ ዝም። አገሬ ቦንጋ ነው ብያለሁ፣
የቀረውን ትራሴ ሥር አጣጥፌ አኑሬዋለሁ።
አባቴ አዳኝ ነበር፤ ጃርት የበላ፣ ከርከሮ፤
ድግስ ሲጠራ ደጅ ተቀምጦ፣ ድርሻውን በኮባ ቅጠል ተቀብሎ፣
ከበላተኛው ተቀንሶ፣ ለብቻው ተቆጥሮ።
ወዳጆም የቦንጋ ነው። አልጋው ከአልጋዬ ሥር።
«የማን ልጅ ነህ?» ብሎኝ ያውቃል፣ ሁለት ጊዜ፣ በምሥጢር።
ሁለቴም እንቅልፍ ወሰደኝ፣
ዓይኔ ጣሪያው ላይ እንደፈጠጠ።

ሦስት ወር ደመወዝ ቀረ። ሩዙ ከጆንያው አለቀ።
ሙሳፊሪ ሥራው ከቆመው ሕንጻ ላይ፣
ነፋስ ጫፉን የቦጨቀውን የአቧራ መከለያ፣
ያንን አረንጓዴ መረብ፣ ጠቅልሎ፣ ተሸክሞ መጣ።
ዳካ ልብስ ሰፊ የነበረው ሺራጁል ሰፋው።
ዳን ባሃዱር ዙሪያውን ብሎን አንጠለጠለበት፣ እንዲሰምጥ።
እኔም ቋጠርኩ።
እጄ ሳይጠይቀኝ አስታወሰ የአባቴን ቋጠሮ፣
በግራ ዞሮ፣ በሥር ሾልኮ፣ ሲጎትቱት የሚጠብቀውን።

ዐርብ ሌሊት። ውሃው እስከ ጉልበት፣ ለብ ያለ።
«ሴቶቹስ?» ሲል ወዳጆ፣ ሙሳፊሪ «አንተ ነህ» አለ፤
አምስት ጎልማሳ በድስት ክዳን ባሕሩን እየደበደበ፣
እየጮኸ፣ እየሳቀ፣ ወደ መረባችን ቀረበ።

አርባ ሦስት ዓሣ። ቆጥሬያለሁ።
ዘበኛው ባትሪ አበራብን። አየን። አጠፋው።

«አንተ አካፍል» አለኝ ሙሳፊሪ፣ ቢላዋውን አቀብሎ፣
«ይህ ቋጠሮ የደን ሰው ቋጠሮ ነው» አለ፣ ጮክ ብሎ፣
እንደ ሙገሳ፣ ሁሉም እንዲሰማው።
ወዳጆ ቋጠሮውን አየ። ከዚያ እጄን።

መጀመሪያ ትኩሳት ላስተኛው ለጆጂ።
ቀጥሎ ለዘበኛው።
ቀጥሎ ውሃ ፈርቶ ዳር ቆሞ ሲስቅብን ላመሸው።
የወዳጆ ድርሻ እጄ ላይ ቆየች።
አንዴ ተወራጨች።
ሳህኑን አላቀረበም።
መዳፉን ዘረጋ፣ ሁለቱንም፣ አጣብቆ።

በማግስቱ መረቡን ዘጠነኛው ፎቅ ላይ መልሰን ሰቀልነው፤
የዓሣ ቅርፊት ፀሐይ ላይ ያብለጨልጭ ነበር።
«ምንድነው የሚሸተው? የማን ሥራ ነው ይሄ?»
አለ ፎርማኑ፣ አንገቱን ወደ ላይ ሰብሮ።
ዐሥራ አንድ ነበርን፣ ጆጂ ገና አልተነሣም።
«የኔ» የሚል ጠፋ።