ቃኚዋ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፒያኖ ስቃኝ ኖርኩ፣
በካይኑ ጠጠር መንገድ፣ ባሮጌ መኪና፣ ከጸሎት ቤት ጸሎት ቤት እየዞርኩ።
የላላ አውታር ሳጠብቅ፣ የሻከረ ድምፅ ሳርቅ፤
ስለ ጫካው ግን ብጠየቅ፣ ከመስኮት ወዲያ አላውቅ።

በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ አንድ ማለዳ ተነሣሁ፣
የአደን ፈቃድ መጽሐፍ ገዝቼ እንደ ተማሪ አጠናሁ።
“ምን ነካሽ?” አለች እኅቴ፤ መልስ ፈልጌ አጣሁ፤
“የምበላው ሥጋ ፊት የለውም” አልኩ። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁ።

የተኩስ ፈተናው ዕለት፣ ከኋላዬ የቆመው ልጅ
ገና ጢም ያላበቀለ፣ ጠመንጃው ለእጁ ወዳጅ።
የኔው ግን ትከሻዬን እንደ ፈረስ ረገጠኝ፤
ሰባ አምስት ሜትር ላይ ያለችው ክብ፣ ሰሐን የምታህለው፣ አላገጠችብኝ።
ከአራት ጥይት ሁለት ሳትኩ። በሳምንቱ መጣሁ፤ አንዱን ሳትኩ።
በሦስተኛው፣ አውታር ስቃኝ እንደማደርገው፣ ትንፋሼን ይዤ ተኮስኩ።
አራቱም ገቡ። መዝጋቢው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ
ማኅተሙን ጠቅ አደረገና “ቀጣይ!” ብሎ አሰናበተኝ።

ሂርቪ የምንለው አውሬ፣ የአጋዘኖች ሁሉ አባት፣
ቀንዱ እንደ ተዘረጋ መዳፍ፣ ከፈረስ የሚበልጥ በስንዝርና በጋት፣
በጭጋግ ውስጥ ሲሄድ ግን ድመት ነው፤ ቅጠል አያንኳኳ።
ይህን የነገረችኝ ተርቱ ናት፤ በሰባ ስምንት ዓመቷ፣ ጉልበቷ እየተንቋቋ፣
ዘንድሮም ከቡድኑ አልቀረች። “አንቺ” አለችኝ፣ “ጆሮ አለሽ፤
ዓይን ያላቸው ሞልተዋል። ዝም ብለሽ ቁጭ በይ፣ ጫካው ራሱ ይቃኝሽ።”

የመጀመሪያውን መኸር ጠመንጃዬ አልጮኸም።
ገመድ ጎተትኩ፣ ቆዳ ገፈፍኩ፣ የአተር ሾርባ አሞቅሁ፤ ቅር አላለኝም።
ቢላዬ ደንዝዞ ሲያስቸግረኝ፣ አርሞ፣ የቡድኑ መሪ፣
የራሱን አቀበለኝ፤ ወሬ አያውቅም ያ ሰው፣ ከራዲዮው ጥሪ
በቀር።

በሁለተኛው መኸር፣ መቆሚያ ቁጥር ሰባት፣
ብርቱካንማ ቆቤን ደፍቼ፣ ጀርባዬን ላረጀ ጥድ ሰጥቼ፣ ከንጋቱ አንድ ሰዓት።
ከጥዱ የተንጠለጠለው ሽበት ውርጭ ለብሶ ሲንቀጠቀጥ፣
ከሩቅ የውሻው የሪክሱ ጩኸት፣ አንዴ ቀጥ፣ አንዴ ቅልጥ።

ከዚያ ዝምታ። ወፉ ዝም፣ ውሻው ዝም።
አንዲት ደረቅ እንጨት ቋ! አለች፤ ድምፅዋ “ላ”፣ ከልኩ ጥቂት ወረድ ያለ፤ ሌላ የለም።

ወጣ።
ትንፋሹ ጭስ፣ ጎኑ እርጥብ፣ ግንባሩ ላይ የሸረሪት ድር።
ሰባ ሜትር። የልቤ ምት በጆሮዬ፣ ግር ግር።
ከጀርባው ምን አለ? ኮረብታ። ጎኑን ሰጥቷል? ሰጥቷል። ብቻውን ነው? ብቻውን ነው።
አለምኩ። ሕልምም ይሁን ዒላማ፣ የሚታየው ያው አንድ ነው።
ጣቴ ሳበ።

ሠላሳ ዓመት ድምፅ ያደንኩ፣ የገዛ ተኩሴን አልሰማሁም!
ዘለለ፣ ሄደ፣ ጠፋ። ልከተል ስነሣ፣ አርሞ በራዲዮ፦ “ቁጭ። ሠላሳ ደቂቃ። እንዳትነቃነቂ ምንም።”

ያንን ሠላሳ ደቂቃ ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል?
ከሠላሳ ዓመቴ ይረዝማል።
ሳትኩት ይሆን? አቆሰልኩት? በምን ዓይኔ ልያት ተርቱን?
ጸሎት አላውቅም፤ ከንፈሬ ግን ለመነ፤ አፍጥንለት ሞቱን።

መቶ እርምጃ እንኳ አልራቀም። ከቀይ ፍሬው ቁጥቋጦ ላይ፣ ፍሬና ደም አንድ ላይ።
ተርቱ ጓንቴን አወለቀች፤ መዳፌን አሳረፈችው ከጎድኑ በላይ።
ሰው እንዳለበት ቤት ሞቀኝ። ማንም አላጨበጨበም።
አርሞ ቆቡን አነሣ፤ ከዚያ ወደ ገመዱ። ቀንዱ አልተለካም።

ማታ በጎተራው፣ ሥጋው ሲከፋፈል በዕጣ፣
ትከሻው ለኔ ደረሰ፤ ለእኅቴም ድርሻ ወጣ።
አኘከች። ዝም አለች። “ጠንከር ይላል” አለች።

ሰኞ፣ የትምህርት ቤቱ ፒያኖ፤ ጥፍሬ ሥር ያለው ደም አልጠራም።
“ምንድን ነው?” አለችኝ አንዲት ልጅ። ነገርኳት፤ አልዋሸኋትም።
“ታዲያ አለቀስሽ?” አለች። ስመልስላት ፈንታ፣ ቁልፉን ነካኋት፤
“ላ”፣ ጥቂት ወረድ ያለች። ልክ እንደዚያች ደረቅ እንጨት።
መፍቻዬን አነሣሁ፤
ወዲያው ግን አላጠበቅኋት።