ቁልቁለት ላይ አቁም

ታኅሣሥ ነው፣ አንጎለላ። ገና አልነጋም ሰማይ፤
ሣሩ ሸብቶ አድሯል፣ ሜዳው ሁሉ አመዳይ።
ስረግጠው ይሰበራል እንደ ስስ ብርጭቆ፣
ጫማዬ ሥር ይጮኻል ሌሊት ሙሉ ደርቆ።

ቤላሩሱ ቆሟል፣ አፍንጫው ነጭ ሆኖ፣
የአልጋነሽ ብርድ ልብስ ጀርባው ላይ ተጭኖ።
«ባለ ነብሩን ብርድ ልብስ፣ በዕቁብ የገዛነውን፣
ለብረት አለበስከው፣ ትተህ የሰው ልጁን!»
ብላኝ ነው የተኛች ፊቷን ወደ ግድግዳ፤
እኔም መልስ አጥቼ አደርኩ ከነዕዳ።

ቁልፉን አዞርኩለት፤ «እህ» አለና ተኛ።
«እህ»ን እንኳ ነፈገኝ ባዞር ሁለተኛ።
ባትሪው ደክሟል። ናፍጣው እንደ ቅቤ ረግቷል፣
ቱቦው ውስጥ ገብቶ መንገድ ላይ ተኝቷል።

ምንያምር ረዳቴ፣ ጢም ገና ያልበቀለው፣
እጁን ከብብቱ ማውጣት የከበደው፣
ኩበት ፍም በቆርቆሮ ይዞ መጣ። ከሆዱ ሥር ገፋን፣
ነበልባል ያነሣውን በአመድ እያጠፋን።
በጀሪካን ሙቅ ውሃ ራዲያተሩ ጠጣ፤
ብሎን ፈታ አድርገን አየር ስናስወጣ
አረፋ፣ አረፋ ብቻ። ቆይቶ ግን ቀጭን
ናፍጣ በጣቴ ላይ ወጣ።

ያም ሆኖ ባትሪው ሙት ነው።

ይህን ሥራ ያስተማረኝ፣ ነፍሱን ይማረውና፣
የጫጫው ጋሽ ደምሰው አንድ ምክር ነበረው፦
«ልጄ፣ ቁልቁለት ላይ አቁም።
ባትሪ ይከዳል፤ ቁልቁለት ግን
ሲነጋም ቁልቁለት ነው።»
«ማን ነው ሜዳ ላይ ያቆመው?» ልል አፌን ከፈትኩና
ትዝ አለኝ፤ እኔው ነኝ፣ ብርዱን ሸሽቼ ትናንትና።

አቶ ወልደሰንበት መጡ ኩታቸውን አጣፍተው፣
በጣርማ በር በኩል ደመናውን አይተው።
ገብሱ ክምር ላይ ነው፣ መውቂያው ተገትሯል፤
ያለ ወሩ ዝናብ አፋፍ ላይ ቆሟል።
«አልተነሣም?»
«አልተነሣም፣ ጋሼ።»
ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣
«በሬዎቹን ላምጣ?»

መሬት ብትከፈት በገባሁ።
ባለፈው ክረምት ነው «ጡረታ ውጡ» ያልኳቸው፣
ስድስት ጥማድ መሬት በአንድ ቀን ስቀማቸው።
መጡ። እንፋሎት ይተፋል የሁለቱም አፍንጫ፤
ጢስ ያጣው የኔው ነው፣ የብረቱ ኮርቻ።

ቀንበር ላይ ሰንሰለት፣ ሰንሰለት ላይ ብረት፤
«ና ቦራ! ሂድ ዳልቻ!» አሉ አቶ ወልደሰንበት።
ጎረቤት ሁሉ ከኋላ በትከሻው ገፋ፣
ውርጩ ተላቀቀ፣ ጎማው ተንቀሳቀሰ፣
አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ አፋፉ ላይ ደረሰ።
ሰንሰለቱ ተፈታ።
ፍሪሲዮን ረግጬ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ፣
ቁልቁል ተለቀቅኩ ትንፋሼን ገትቼ።

ነፋስ ብቻ። የጎማ ኮሽታ።
የብረት ዝምታ።
ቦዩ ከታች እየቀረበ፣ እየሰፋ መጣ፤
እግሬን ለቀቅኩት።

ተንተባተበ፤ አነጠሰ፤
ጥቁር ጢስ ተፍቶ አመዳዩን አረከሰ፤
ዱግ። ዱግ። ዱግ ዱግ ዱግ፤
የመንደሩ ውሻ ሁሉ መልስ ሰጠው።

ዞሬ ወደ ላይ ባይ፣ አቶ ወልደሰንበት
የቦራን ግንባር በመዳፋቸው ያሻሉ፤
እኔን አይደለም፤ እሱን ነው «ተባረክ» ያሉ።

ገብሱ እስከ ማታ ከእብቁ ተለየ፣
ደመናው ወደ ቆላ ሲሸሽ እየታየ።
ሲመሽ አፋፉ ላይ፣ ቁልቁል አዙሬ አቆምኩት፤
ከጎማው ሥር ሁለት ድንጋይ ሸጎጥኩለት።
አቶ ወልደሰንበት ዘንድ ጠላ ስጠጣ አምሽቼ፣
ብርድ ልብሱን ልሰርቅ ገባሁ፣ በሩን ቀስ ከፍቼ።
አልጋው ላይ የለም።
አልጋነሽ ምድጃው ዳር፣ ጋቢ ተከናንባ፣
«ምን ፈለግህ?» አለች።
«ምንም።»

ወጣሁ። ጨረቃ ነበረች።
አራት ጥጉ በሲባጎ ታስሯል፣
እኔ በማላውቀው ዓይነት ቋጠሮ፤
ነብሩ ሞተሩ ላይ ተኝቷል።