የደለል ክስ

አምስተኛ ነበርን በተራ።
ከእኛ በፊት አንዱ የፀሐይ ምድጃ ሠራ፤
ሌላዋ ከፍግ በወጣ ጋዝ አምፖል አበራች፤
አዳራሹ አጨበጨበ፣ እሷም አለቀሰች።

ትርንጎ ጡባችንን በነጠላ ጠቅልላ አቅፋለች፤
እንዳትሰነጠቅባት ትንፋሿን ውጣለች።
ልጅዓለም ገመዱን ዘረጋ፤ በየክንዱ ቋጠሮ አለበት፤
አንገረብ ላይ፣ በታንኳ ሆነን፣ ጥልቀቱን የለካንበት።
ውኃ ነው ባልነው ስፍራ ጭቃ ነው ያገኘነው፤
ግድቡ ደለል ጠገበ፤ ከተማው ነው የጠማው።

እኔ ቁጥሩን አነበብሁ፦
ስንት ቢጫ ጀሪካን ለአንድ ቧንቧ እንደተሰለፈ፣
አዘዞ ስንት ሌሊት በወረፋ እንዳለፈ።
«ደለሉን እንቆፍራለን፤ ጡብ እናደርገዋለን፤
ለግድቡ ሆዱን፣ ለድኃው ግድግዳውን እንሰጠዋለን።
መጭመቂያው ከጋራዥ የለመንነው ክሪክ ነው፤
ሰው ቢቆምባት አትሰበርም፤ ይኸው!»
ትርንጎ ከነጫማዋ ወጣችበት።
ዳኞች ሣቁ፤ ነጥብ ጻፉበት።

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አያ አዛናው ተነሣ፤
ከጋቢው ላይ «እንግዳ» የሚል ወረቀት አንጠልጥሎ።
ገመዱን ከዳር ሆኖ የያዘልን ሰው ነው፤
ጭቃውን በአህያው ጭኖ ያወጣልን ሰው ነው፤
ለምስጋና ነበር የጠራነው።
እሱ ግን ጧት «ዳኞች ተሰይመዋል» ሲባል ሰምቷል፤
ዳኛ ከተሰየመ ክስ ይሰማል ብሏል።

«አቤት!» አለ። «አቤት በሉኝ።
የልጆቹን ብልሃት አልነቅፍም፤ ይደጉ።
ያቺ ጡብ ግን መሬቴ ናት፤
ከላይ፣ ከአፋፉ፣ አባቴ ገብስ የዘራባት፣
በየክረምቱ ስትሄድ ቆሜ የሸኘኋት።
እኔ ዘንድ ሳለች ስሟ አፈር ነው፤
እናንተ ዘንድ ወርዳ ነው ደለል የሆነችው።
ዛፉን የቆረጥነው እኛ ነን፣ አልክድም፤
ከሰሉ የነደደው ግን በእኛ ቤት አይደለም።
‹አፈር ስሆን› ብዬ እንዳልለምናችሁ፣
አፈሩስ ከእናንተ ዘንድ ነው፤ ምን ልሁንላችሁ?»

ዝም ተባለ። ማይክራፎኑ ብቻ ሲጥ አለ።
የመካከሏ ዳኛ ቅጹን ገለጠች፤
«አዲስነት»፣ «ወጪ»፣ እያለች በጣቷ ወረደች፤
«ፍትሕ» የሚል ረድፍም አለ፣ አሥር ነጥብ ይዟል፤
የአያ አዛናው ማሳ ከየትኛው ሣጥን ይገባል?
«አስተያየትዎን መዝግበናል» አለችው በፈገግታ።
«ይኸም ደለል ነው» አለ ሲቀመጥ፣ «ደለላችሁኝ፤ ለጊዜው።»

ሁለተኛ ወጣን።
ዋንጫው ቀላል ነው፤ ውስጡ ባዶ።
«ገንዘቡን ለእርከን እናውለው» አለ ልጅዓለም፤
አሰላነው፤ ለግማሽ እርከን አይበቃም።

ሰኔ ሲገባ ጡቧን ይዘንለት ወጣን።
ከማሳው ዳር አኖራት፤ «ከሟሟች ቤቷ ገባች» አለን።
ሌሊቱን በረዶ ቀላቅሎ ወረደ፤
ጧት ጎንበስ ብለን አየናት፤
ጠርዟ እንኳ አልተሸረፈም፤ እንደታተመች ናት።
አሥር በመቶ ሲሚንቶ ገብቶባታል፤
መጠኑን ያሰላሁት እኔ ነኝ፤ ልክ ነበርሁ፤
ከእንግዲህ አፈር አትሆንም።

ከጎኗ ቀይ ውኃ ወደ ከተማው ይወርዳል።
ልጅዓለም በልማድ ገመዱን አወጣ፣ ሊለካ።
ትርንጎ ጫማዋን አውልቃ
ጎርፉን በእግሯ ልታቆም ሞከረች።
አያ አዛናው ጥቂት አያትና
ዶማውን አቀበላት።