የዘጠኝ ሰዓት ንባብ

ከሰሜን ምሥራቅ ነው፣ ሃያ ሁለት ኖት፣
ብዬ ጻፍኩ በእርሳስ በዘጠኝ ሰዓት።
ሦስቱ የብረት ጽዋ ከምሰሶው አናት
ይሾራሉ ባዶ፣ የሚጠጣቸው የለ፤
የነፋስ ከረጢቱም አብጦ፣ ተወጥሮ
ወደ ጨፋ በኩል ጠቁሞ ተንጠለጠለ።

ያኔ ነው የመጡት፣ ከጨፋ ረግረግ፣
ከቄጠማው መሃል ተነስተው በወግ።
አርባ ሦስት ቆጠርኩ፤ ስደግም አርባ አንድ፤
(ወፍ መቆጠር አይወድ፣ ይተላለፋል በመንገድ።)

ዘበኛው እንድሬ «ዳክዬ ናቸው» አለ።
«ዝይ ናቸው» አልኩት፣ «አንገቱን አታይም?»
«አንገትማ» አለኝ፣ «ነፋስ የሳበው ለት
ዶሮም ይረዝማል።» ከእርሱ ጋር አልሟገትም።

አንድ ነገር ልንገርህ ስለ ነፋስ ጠባይ፦
ከምድር ይደክማል፣ ይበረታል ከላይ።
ሣሩ፣ ግንቡ፣ አጥሩ፣ የቤቱ ክዳን
ጠርዙን ይይዙታል፣ ይነጩታል ጉልበቱን።
ዝይ ይህን ያውቃል። ከኋላ ሲገፋው
ደመና ድረስ ነው የሚወጣው ከፍታው፤
ፊት ለፊት ሲገጥመው ዝቅ ነው ብልሃቱ።
እናም ከፋብሪካው ጣሪያ በታች ወርደው፣
በቦርከና ሸለቆ፣ ዳሩን ተጠግተው፣
ሆዳቸው ውሃውን ሊነካ ምንም ሳይቀር
መጡ። ክንፋቸው ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ሰልፋቸው ጠማማ፤ አንዱ ክንድ ረጅም፣
አንዱ አጭር፤ ምንቃራቸው ወደ ሐይቅ አያመለክትም፤
ነፋሱ ከጎን ነው፣ ወደ ባቲ ያያሉ።
ወደ ሐይቅ ሊሄዱ ባቲን ያነጣጥራሉ፤
ቀጥ ብሎ ለመጓዝ መንጋደድ ግድ ነው።
መሪው ደክሞት ቀረ፣ ሁለተኛው ወጣ፤
ያም ጥቂት ታገለ፣ ሦስተኛው መጣ፤
ከመንደርደሪያው በላይ፣ ከነጩ መስመር አናት
ክንፍ እየመቱ ቆሙ።
እነርሱስ በረሩ፤
መሬቱ ነው ከሥራቸው አልሄድ ያለው።

ሬዲዮው ጮኸ። የአዲስ አበባው አውሮፕላን።
«ኮምቦልቻ፣ ነፋስ?»
«ሃያ ስድስት። ከጎን።»
ዝም አለ። ድምፁ ሐረጎን አንዴ ዞረ፣
እየሳሳ ሄደ፣ ወደ መጣበት በረረ።
ሙሽራ ሊቀበሉ የመጡ፣ አበባ የያዙ
በመስኮት አዩኝ፣
ነፋሱን እኔ የሠራሁት ያህል።

ዝዮቹም እንደዚያው። ከሰርዶው ላይ አረፉ፣
ሁሉም ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው፤
ጀርባ የሰጠውን ላባውን ይገልበዋልና።

ያስተማሩኝ ሰው፣ አቶ ጓንጉል፣
«ነፋስ» ይሉ ነበር፣ «ስሙ የመጣበት ነው፤
የሚሄድበትን አትጻፊ።»
ወፍን ግን ሰው ሁሉ ወዴት ነው ይለዋል።
እኔን?
ቅጹ አይጠይቅም።

ለወፍም ዓምድ የለው። ከ«ልዩ አስተያየት»
ሥር፣ በጠባቡ መስመር፣ እጄ አላርፍ ብሎኝ፣
«ዝይ፤ አርባ ሦስት ወይም አርባ አንድ፤ ቆመዋል»
ብዬ ላክሁ።
«ኮምቦልቻ፣ ድገሚው።»
ደገምኩት።
«ምን ሆነው ቆሙ?»
«እንደናንተው አውሮፕላን» አልኩ።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ጽዋዎቹ ደከሙ።
ስምንት ኖት። ሦስት። ከረጢቱ ወረደ፣
እንደ ባዶ እጅጌ ከምሰሶው ላይ ተጣበቀ።
ከጨለማው አንዱ ጠራ፤ ሌላው መለሰ፤
ከዚያ ብዙ አንሶላ ባንድ ጊዜ የሚራገፍ የመሰለ
ድምፅ በላዬ አለፈ፤ ከፍ እያለ፣ ከፍ እያለ።

ቆይቶ ሙሄ ደወለ፣ ኢሱዙውን ሐረጎ ላይ አቁሞ፤
«ጎማ ቀይሬ ስነሳ» አለ፣ «ከጠመዝማዛው ጫፍ፣
በገደሉ በኩል፣ ከመስታወቴ እኩል ይበራሉ።
አንዱ ዞሮ አየኝ፣ በአላህ!»
«ዝይ ነው ዳክዬ?»
«እኔ እንጃ። አንገት ነበረው።»
«ወዴት ሄዱ?»
«ደሴ ጉም ነው፣ እህቴ። ከዚያ ወዲያ አላየሁም።»

የስድስት ሰዓት ንባብ፦
ፍጥነት፣ ዜሮ።
አቅጣጫ፣ የለም።
እርሳሱን ቀርጬ ሌላ ቅጽ አወጣሁ።